አርጩሜና ምርቃት

“ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል” ይላሉ አበው። ይህን ተረት ሲሰማ ራሱን በአዎንታ የማይነቀንቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። ተረቱ አራት ቃል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ስለ ልጅ አስተዳደግ ያለንን እምነት ጠቅልሎ ይዟል። ልብ በሉ፤ “ያልተቀጣ” የምንለው ያልተመታውን ልጅ ብቻ አይደለም። ታላቅ የማያከብረውን፣ ያገኘውን የሚያነሣውን፣ አፉ ያልተገራውን ሁሉ ነው። በቋንቋችን ቅጣትና አስተዳደግ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው አድረዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ሁለቱን ያጋባቸው ማን ነው? ሃይማኖት ነው? ሕግ ነው? ወይስ ልማድ? አርጩሜን የሚደግፉ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም በአንድነት ይጠራሉ። “መጽሐፉም ያዛል፣ አባቶቻችንም እንዲሁ አሳድገውናል” ይላሉ። እኔ ደግሞ የሦስቱን ታሪክ ለየብቻ ብናየው ሌላ ነገር እናገኛለን ባይ ነኝ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ አርጩሜ በአገራችን ያገለገለው ከግብረ ገብ ይልቅ ሥልጣንን ነው። ምክንያቴን ከዚህ በታች አቀርባለሁ፤ ፍርዱ የአንባቢ ነው።

የየኔታ ቤት

ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስቲያኑ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ብዙ ጊዜም ከዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ልጁ በስንደዶ እያመለከተ ፊደሉን ይለያል፤ አቡጊዳን ይዘልቃል፤ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ልጅ በሠፈሩ ስም ያለው ልጅ ነው፤ ወላጆቹም አቅማቸው እንደፈቀደ ይደግሳሉ። ከዚያ ወዲያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት አለ። ይህን የመረጠ ልጅ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ፣ የሠፈሩን ውሻ በዱላ እየመከተ ይማራል።

በዚህ ትምህርት መጀመሪያ ላይ አርጩሜ አይቀሬ ነበር። አባት ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ “ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ” ይል እንደነበር ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ። ከትምህርት የኮበለለ ልጅ እግሩ በሰንሰለት ይታሰር እንደነበር በዚያ ያለፉ ሰዎች ይተርካሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ቀለም የጠፋበት ልጅና ከጎረቤት ቆጥ እንቁላል የሰረቀ ልጅ የሚዳኙት በአንድ አርጩሜ ነበር። የአእምሮ መዘንጋትና የኅሊና ጥፋት ልዩነት አልነበራቸውም። ልጁ ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? መስረቅ ክፉ መሆኑን? ወይስ መያዝ ክፉ መሆኑን?

ይሁን እንጂ የየኔታን ቤት በአርጩሜ ብቻ መግለጽ ግፍ ነው። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሌላውን ደግሞ መምጣት ነውር ነው፤ በየጊዜው የራሱን አዲስ ቅኔ ማቅረብ አለበት። ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምተው የሰዋስዉን ግድፈት፣ የምሥጢሩን መላላት ያቀኑለታል። ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። ለዚህ ተማሪ ትልቁ ቅጣት በጉባኤ መካከል ቅኔው መውደቁ ነው፤ ትልቁ ሽልማትም የመምህሩ “በጀ” ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅጣት ነበረ። አንደኛው ትንሹን ልጅ በጀርባው የሚያስተምር፣ ሁለተኛው ጎልማሳውን ተማሪ በጆሮውና በኅሊናው የሚያስተምር። እኛ “የአባቶቻችን ቅጣት” ስንል የመጀመሪያውን ብቻ ማስታወሳችን ያሳዝናል። ሊቅን ሊቅ ያደረገው ሁለተኛው ነው።

ብላቴና

ስለ ልማዱ ስናወራ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። “ብላቴና” ማለት ልጅ ማለት ነው፤ በቤተ መንግሥት ደግሞ ከጌታ እግር ሥር ሆኖ የሚላክ አገልጋይ ማለት ነበር። “ብላቴን ጌታ” የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚሁ ነው። “ልጅ” የሚለው ቃልም እንዲሁ ከመኳንንት ልጆች ስም ፊት ሲቀድም ማዕረግ፣ ሰው “ልጄን ልላክ” ሲል ደግሞ አሽከር ሊሆን ይችል ነበር። ልጅነትና አገልጋይነት በአንድ አጎዛ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ልጅ ይላካል፣ ያስታጥባል፣ መብራት ይዞ ይቆማል፣ ታላላቆቹ ከበሉ በኋላ ይበላል።

“ጨዋ” የሚለውንም ቃል እንየው። ዛሬ ጨዋ የምንለው ሥነ ሥርዓት ያለውን ሰው ነው። በመካከለኛው ዘመን በእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ግን ጨዋ የንጉሡ የጦር ሠራዊት ስም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች አነጋገር ደግሞ ያልተማረው፣ ክህነት የሌለው ሰው ጨዋ ይባላል። በማኅበራዊ ኑሮ “የጨዋ ልጅ” ማለት ከባርነት ነጻ የሆነ፣ ዘሩ የታወቀ ማለት ነበር። ስለዚህ ልጅን “ጨዋ ሁን” ስንለው የምናወርሰው ምግባርን ብቻ አይደለም። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥም አብረን እናወርሰዋለን።

ይህ ልማድ ወደ ዘመናዊው ሕግም ገብቷል። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውን መምታት ጥፋት የማይሆንባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ በአንቀጽ 2039 ላይ አራት ዓይነት ሰዎችን በአንድ መስመር አሰልፏል። አንድ ሰው ልጁን፣ በአሳዳሪነቱ ሥር ያለውን፣ ተማሪውን ወይም አሽከሩን በመጠኑ ቢመታ ጥፋት አላደረገም ይላል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 267 ደግሞ አሳዳሪው ልጁን ለማስተማር ሲል ቀላል የአካል ቅጣት እንዲቀጣው ይፈቅድ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ፍርድ ቤት በወጣት ጥፋተኞች ላይ የበትር ቅጣት እንዲያዝ ቀዳዳ ትቶ ነበር።

ልጅ፣ ተማሪ፣ አሽከር! ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ምግባር አይደለም፤ ዕድሜም አይደለም፤ አሽከሩ ከጌታው ሊበልጥ ይችላል። ሦስቱም መልሰው መምታት የማይችሉ መሆናቸው ነው። ለዚህ ነው አርጩሜ ያገለገለው ሥልጣንን ነው የምለው። ምግባርን ለማቅናት ቢሆን ኖሮ የሚዋሸው ጌታም፣ የሚሰርቀው ሹምም በአርጩሜው በደረሳቸው ነበር።

እደግ ተመንደግ

አሁን ወደ እምነቱ እንለፍ። በአገራችን ወላጅ ያለው መሣሪያ አርጩሜ ብቻ አልነበረም። ከአርጩሜ የሚበልጥ፣ ልጅንም አዋቂንም እኩል የሚያንቀጠቅጥ ሌላ ነበረው። እርግማንና ምርቃት ነው። ጎልማሳ ሆኖ፣ ትዳር ይዞ፣ እናቱ እንዳትረግመው የሚፈራ ሰው ዛሬም አለ። ከመንገድ በፊት፣ ከሠርግ በፊት፣ ከፈተና በፊት ወደ አዛውንት ጎንበስ ብሎ “ይመርቁኝ” የሚል ሰው በየቀኑ እናያለን። ከትምህርት ቤት መጨረስን “ምርቃት” ማለታችንም በአጋጣሚ አይደለም።

ትንሹ ልጅ ይህን የሚማረው በማዕድ ዙሪያ ነው። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያውን ይዞ ይቀርባል። ውኃውን በልክ ያፈስሳል፤ ፎጣውን ያቀብላል። እንግዳውም እጁን እያደረቀ “እደግ፣ ተመንደግ” ይለዋል። ልጁ ምንም አልተከፈለውም፤ ግን አንድ ነገር አግኝቷል። ትንሽ መልካም ሥራ በሰው ፊት ስትታይ፣ በእግዚአብሔርም ፊት ስትነሣ ሰምቷል። እኔ ከሥነ ምግባር ትምህርታችን ሁሉ ይህን የሚያህል የረቀቀ አላውቅም። ወጪ የለውም፣ እንባ የለውም፣ ልጁ ሲያድግ አይረሳውም።

እምነታችን ለልጅ የሰጠው ቦታም ከፍ ያለ ነው። ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ከሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ትልቁ ሰው ለመቁረብ ንስሐ መግባት፣ መጾም፣ መመዘን ሲኖርበት ሕፃኑ ግን በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ከሁሉ በፊት ይቆርባል። ዝናብ ሲጠፋ፣ መዓት ሲመጣ፣ የሕፃናት “እግዚኦ” ከአዋቂዎቹ ይልቅ ይሰማል ተብሎ ይታመናል። ታዲያ አንድን ልጅ እሑድ ጠዋት ከመልአክ ቆጥሮ፣ ሰኞ ጠዋት በበርበሬ ጢስ ማጠን እንዴት ያለ ሃይማኖት ነው?

“መጽሐፉ ያዛል” የሚሉ ሰዎች መጽሐፈ ምሳሌን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ልጁን ከበትር የሚያድን አባት ልጁን እንደሚጠላ የሚናገር ቃል አለ። ነገር ግን ያው ክርስቲያን ገና በልጅነቱ የደገመው ዳዊትም በትር አለው። በሃያ ሁለተኛው መዝሙር ያለው የእረኛው በትር ግን በጉን የሚያጽናና ነው። እረኛ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ ቤት መግባት አያስፈልገውም። የእረኛ በትር ለቀበሮ ነው፤ በጉንማ መንገድ ያሳየዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል፤ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍም ምክንያቱን ጨምሮ ልባቸው እንዳይዝል ይላል። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ በቃላችን ይዘን ሁለተኛውን ግማሽ የዘነጋን ሕዝብ ነን።

በሙስሊሙ ወገንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በቁርአን ቤት በሎህ ላይ ፊደል የሚጽፈው ልጅ የኡስታዙን ልምጭ ያውቃታል። ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሶላት እንዲታዘዝ፣ አሥር ሲሞላው ደግሞ ችላ ካለ እንዲመታ የሚናገረው ሐዲስ ይጠቀሳል፤ ሊቃውንቱ ግን ፊት እንዳይነካ፣ ጉዳት እንዳያደርስ፣ በቁጣ እንዳይሆን ብዙ አጥር አጥረውበታል። ነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጃቸውን ሲስሙ ያየ አንድ ሰው፣ አሥር ልጆች እንዳሉትና አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ቢነግራቸው፣ የማያዝን አይታዘንለትም ብለው እንደመለሱለትም ይተረካል። አነስ የተባለው አገልጋያቸውም አሥር ዓመት ሲያገለግላቸው “ኡፍ” እንኳ እንዳላሉት መስክሯል። ለአርጩሜ የሚጠቀሰው ሐዲስ በየቤቱ ይታወቃል። እነዚህስ?

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የሰሜን አፍሪቃው የታሪክ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው “ሙቀዲማ” በተባለው መጽሐፉ፣ ጭካኔ በበዛበት ቅጣት ያደገ ተማሪ ሰነፍ፣ ውሸታምና ተንኮለኛ እንደሚሆን አስረድቷል። ልጁ ከሚመታው እጅ ለማምለጥ በልቡ የሌለውን በአፉ መናገር ይለምዳል፤ ልማዱም ጠባይ ሆኖ ይቀራል። ኢብን ኻልዱን በዚህ አላበቃም። በግፍ ቀንበር ሥር የወደቀ ሕዝብም ሁሉ እንዲሁ ይሆናል ብሏል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ቃል ስለ እኛ የተጻፈ ይመስለኛል።

ግርፋት

ዘመናዊ ትምህርት በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1908 ከግብጽ በመጡ የቅብጥ መምህራን ተጀመረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። መጽሐፉና የመማሪያው ቋንቋ ተለወጡ፤ አርጩሜው ግን ስሙን እየለወጠ ተከተለ። አለንጋ፣ ማስመሪያ፣ ኋላም የውኃ ጎማ ሆነ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን “ግብረ ገብ” የሚባል ትምህርት በክፍል ይሰጥ ነበር። እውነት መናገር፣ ታላቅን ማክበር፣ ንጉሥን መውደድ በአንድ ደብተር ይጻፋሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግብረ ገብ ቀርቶ የፖለቲካ ትምህርት ተተካ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ። በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ በስሙ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። ስሙ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ጥያቄው አንድ ሆኖ ቆይቷል። ምግባር በቃል ይጠናል ወይስ በኑሮ ይታያል?

ከዚህ ላይ አንድ ቃል እናንሣ። በአማርኛ ልጅ “ተገረፈ” እንላለን። እስረኛም “ተገረፈ” እንላለን። አንድ ቃል ነው። በደርግ ዘመን “ወፌ ላላ” የሚባለው ግርፋት የብዙ ወጣቶችን ውስጥ እግር ያነደደ ነበር። እኔ ልጁን የሚገርፍ አባት ሁሉ ወደ ገራፊነት ያድጋል አልልም፤ ይህ ለብዙ ደግ አባቶች ስድብ ይሆናል። የምለው ሌላ ነው። ገራፊው ከሰማይ አልወረደም። ሲገረፍ ያደገ፣ መገረፍ የደካማ ዕጣ፣ መግረፍ የባለሥልጣን መብት መሆኑን በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በየኔታ ቤት የተማረ ሰው ነው። “ምን አጥፍቶ ይሆን?” ብለን እስረኛውን የምንጠይቀው እኛም፣ የተመታ ልጅ ሁሉ አጥፍቷል ብለን ያደግን ነን።

የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀበለች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. የአፍሪቃ የሕፃናት ቻርተር በዚሁ በአዲስ አበባ ጸድቆ ነበር፤ ቻርተሩ በቤት ውስጥ የሚደረግ ቅጣት ሰብአዊነት የተመላበት፣ የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ።

ያን ጊዜ እኔ አንደኛ ክፍል አልገባሁም ነበር። ስለዚህ በትምህርት ቤት እጄ ላይ ያረፈው ጎማ ሁሉ፣ በጠጠር ላይ የተንበረከክሁበት ሰዓት ሁሉ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነበር። መምህራኑም ሆኑ ወላጆቻችን ይህን አልነገሩንም። አንድ ቀን የክፍላችን መስኮት መስተዋት ተሰበረ። “ማን ሰበረ?” ተባለ። ዝም አልን። ሁላችንም በተራ ጣታችንን ሰብስበን ተመታን። በመካከል አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ “እኔ ነኝ” አለ። እርሱ ሦስት እጥፍ ተመታ። በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል ከዚያ በኋላ “እኔ ነኝ” ያለ ልጅ አልነበረም። ስለ እውነት ከተማርናቸው ትምህርቶች ሁሉ በጥልቀት የገባን ያ ነበር ብል አላጋነንሁም።

ሕጉ ከትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል፤ ወደ ቤት አልገባም። ሕገ መንግሥቱ ቤትን በስም አልጠራም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ “ቀላል የአካል ቅጣት” የሚለውን ትቶ፣ በአንቀጽ 258 አሳዳሪው አስፈላጊውን የእርምት እርምጃ ሊወስድ ይችላል በሚል ተካው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታና የሚደበድብ ይቀጣል ካለ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ሕግን ሳይጥስ የሚወሰድን የወላጅ እርምጃ ከቅጣት ነጻ አድርጎታል። መስመሩ የት ላይ ነው? ቁንጥጫ ነው? አርጩሜ ነው? ቀበቶ ነው? ሕጉ አልቆጠረውም። ስለዚህ መስመሩን የሚያሰምረው በዚያች ሰዓት የተቆጣው ሰው ራሱ ነው። የተቆጣ ሰው ደግሞ መስመር ሲያሰምር እጁ ይንቀጠቀጣል።

“እኛስ ተገርፈን አድገን ምን ሆንን?”

ይህን ጥያቄ ከወዳጆቼ ሳልሰማ የቀረሁበት ክርክር የለም። ጥያቄው ቀላል አይደለምና በክብር እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ፣ የተገረፉት ሁሉ ጠፍተዋል የሚል የለም። ከአርጩሜ ጋር ምርቃት፣ ተረት፣ የጎረቤት ዓይን፣ የክርስትና አባት፣ የንስሐ አባት አብረው ነበሩ። ማታ በእሳት ዳር “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” ብሎ የመለሰ ልጅ፣ ተንኮለኛዋ ቀበሮ በመጨረሻ ምን እንደደረሰባት ሰምቶ ይተኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአሥርተ ዓመታት በልጆች ጊዜ የሠሩት ይህንኑ ነው። አንድን ትውልድ በተረት አሳደጉት። ከእርሳቸው አንደበት “ታላላቆቻችሁን አክብሩ” የሚለውን የሰማ ልጅ ያለ አንዲት ጥፊ ሰምቷል። እንግዲህ ደህና ሰው ከሆንን ያደረገን የትኛው ነው? አርጩሜው ነው ብሎ የሚምል ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ያደረጉለትን እናቱንና አያቱን ምስጋና ይነሣል።

ሁለተኛ፣ በእርግጥ ምን እንደሆንን በዕለት ኑሯችን እንየው። አበዳሪ በር ሲያንኳኳ “አባዬ የለም በል” ብለን ልጃችንን እንልካለን። ልጁ ሄዶ “አባዬ የለም በል ብሎኛል” ሲል በሳቅ እንሞታለን፤ ወይም በኋላ እንመታዋለን። በታክሲ ሒሳብ ሲረሳ ዝም ብለን እንወርዳለን፤ ልጁ ከጎናችን ተቀምጦ ያያል። ጉዳይ ለማስፈጸም እጅ መንሻ እንሰጣለን፤ ማታ በስልክ ስናወራው ልጁ ይሰማል። ያው ልጅ ከቦርሳችን አሥር ብር ሲያነሣ ግን “ሌባ!” ብለን ቀበቶ እንፈታለን። እውነቱን ለመናገር ልጁን የምንመታው በመስረቁ አይደለም፤ ሳይፈቀድለት በመስረቁ ነው። አርጩሜ እንዲህ ያለውን ሥራ ይሠራል፤ ልጁን ብቻ ሳይሆን ራሳችንንም ከመመርመር ያድነናል። መታነው ማለት ግዴታችንን ተወጣን ማለት ይመስለናል።

ሦስተኛ፣ “መምታትን መከልከል የፈረንጅ ነገር ነው” ይባላል። ፈረንጅም አንድ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ከዚያ በሁለት ዓመት ቀድሞ በ1977 በትምህርት ቤት ተማሪን መምታት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈርዷል። በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ዛሬም መምህር ተማሪን እንዲመታ ይፈቀዳል። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 የወላጅ ግርፋትንም አገደ፤ ከአገራችን ወደዚያ የሄዱ አባቶችም በአዲስ አገር በአዲስ ሕግ ፊት ቆሙ። በየስደቱ አገር ያሉ ወገኖቻችን “ልጆቻችንን መቅጣት ተከለከልን” ሲሉ ይሰማል። እንዲህ የሚሉትን አባቶች አልነቅፋቸውም፤ ሥልጣናቸው በአንድ ቀን ባዶ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የተከለከሉት መምታትን እንጂ መመረቅን አልነበረም። መቅጣት የሚሉትና መምታት አንድ ሆኖባቸው፣ አንዱ ሲወሰድ ሌላው አብሮ የተወሰደ መሰላቸው።

ያጣነውንም ልናገር። ድሮ የሠፈር ልጅ የሠፈር ነበር። ያጠፋ ልጅ በማንኛውም ትልቅ ሰው ይገሠጻል፤ ቤቱ ገብቶም አይናገርም፤ ቢናገር ሁለተኛ ይቆነጠጣል። ቁንጥጫውን አልናፍቅም። ዓይኑን ግን እናፍቃለሁ። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የጎረቤት ልጅ ሲሳደብ እየሰማን አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። አርጩሜን ስንጥል ተግሣጽን አብረን ጣልን፤ ልጁን ብቻውን ከስልኩ ጋር ተውነው። ይህ ርኅራኄ አይደለም፤ ስንፍና ነው። ልጅን አለመምታት ከመምታት የበለጠ ሥራ ይጠይቃል። ቁጭ ብሎ መጠየቅ አለ፤ የሰበረውን እንዲጠግን፣ የሰረቀውን እንዲመልስ፣ የሰደበውን ይቅርታ እንዲጠይቅ አብሮት መሄድ አለ። ሽማግሌ ሁለት ጠበኞችን ሲያስታርቅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በዳዩ ያምናል፣ ይክሳል፣ ይታረቃል፣ ይመረቃል። ለገዳይ እንኳ እርቅ ያበጀ ሕዝብ ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ እንዴት ከአርጩሜ ሌላ መላ ያጣል?

ቋንቋችን ለዚህም ቃል አለው። “ማረም” ይባላል። ልጁን የሚገሥጽ ያርማል፤ ጽሑፍ የሚያቀና ያርማል፤ ገበሬም ማሳውን ያርማል። በክረምት ጤፍ ሲያርም ያየ ሰው ያውቀዋል። ገበሬው ያጎነብሳል፣ ወደ ቡቃያው ይጠጋል፣ ሁለቱን አረንጓዴዎች በዓይኑ ይለያል፣ ከዚያ አረሙን ብቻ በጣቱ ይነቅላል። ወገቡ ይታመማል፤ ቀኑ ይመሻል። ጤፉን በአለንጋ ሲገርፍ የታየ ገበሬ ግን እስከ ዛሬ የለም።